የጋራ ፕሮፖዛል፦ የጤናማ እርጅና ክትትል ጥናት፣ ሁለተኛ ረቂቅ

አስተባባሪ፦ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 1,000 ሰዎችን በየሁለት ዓመቱ፣ ሦስት ዙር እንለካለን ብለናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ጤናማ እርጅናን የተረጎመው ከበሽታ ነፃ በመሆን ሳይሆን ሰው ዋጋ የሚሰጠውን ነገር ማድረግ በመቻሉ ነው። ስለዚህ ዋናው ውጤታችን የበሽታ ቆጠራ ሳይሆን አቅም ይሁን። አስተያየታችሁን ጻፉ።

የመስክ ሥራ፦ እስማማለሁ፤ የአለካኩ ክፍል ግን ላልቷል። “የእርምጃ ፍጥነት ይለካል” ማለት አይበቃም። አራት ሜትር፣ በተለመደው አረማመድ፣ ሁለት ጊዜ፣ ፈጣኑ ይያዝ። ከቆሙበት መነሳትና እየተራመዱ የመነሻ መስመሩን ማለፍ የተለያየ ፍጥነት ይሰጣሉ፤ አንዱን እንምረጥ። አለበለዚያ የልኬት ጣቢያዎች የአሠራር ልዩነት የጤና ልዩነት መስሎ ይወጣል። የእጅ ጥንካሬም ተቀምጠው፣ ክርን በ90 ዲግሪ ታጥፎ፣ በየእጁ ሦስት ጊዜ ይለካና ከፍተኛው ይመዝገብ።

ባዮስታቲስቲክስ (የጤና መረጃ ስሌት)፦ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በየዙሩ ሳይመጡ የሚቀሩት ሰዎች ናቸው። ወደ ጣቢያ ተመልሰው የሚመጡት በአብዛኛው ብርቱዎቹ ናቸው። በመጡት ብቻ አማካይ ካወጣን ሰዎች እያረጁ የበረቱ ይመስላል፤ ይህ ስህተት ደግሞ ለፖሊሲ አውጪዎች የምንሰጠውን ምክር ሁሉ ያበላሻል። መምጣት ላልቻሉት የቤት ለቤት ልኬት በጀት ይያዝ። ሞት ከነቀኑ ለብቻው ይመዝገብ እንጂ “አልተገኙም” በሚለው ውስጥ አይግባ። በየዙሩ 20 በመቶ ሳይለኩ ቢቀሩ በሦስተኛው 640 ሰው ነው የሚኖረን፤ የናሙና ስሌቱ ከዚያ ይነሳ።

የማስታወስ ፈተናውም ይታይ። አንድ ዓይነት የቃላት ዝርዝር በየዙሩ ከተሰጠ ልምምዱ ነጥብ ከፍ አድርጎ ማሽቆልቆሉን ይሸፍናል። ተለዋጭ ዝርዝሮች ያስፈልጋሉ።

የጀማሪ ተመራማሪዎች ተወካይ፦ ሦስተኛው ዙር የሚጀምረው ከመነሻው አራት ዓመት በኋላ ነው። የመመረቂያ ጥያቄው “ለውጥ” የሆነ የዶክትሬት ተማሪ ያን ሲጠብቅ የጥናት ጊዜው ያልቅበታል። ለዶክትሬት ተማሪዎች በመነሻው ዙር የሚመለሱ ጥያቄዎች ይሰጡ፤ ለምሳሌ 50 ሰዎችን በሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክቶ የልኬቱን አስተማማኝነት ማጥናት። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ ለሁላችንም ይጠቅማል። የለውጡ ጥያቄ ለድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎች ይቆይ። የደራሲነት ስምምነትም መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ተጽፎ ይፈረም።

አስተባባሪ፦ ሁሉም ይገባል። ቤት ለቤት ሲለካ አራት ሜትር ቀጥ ያለ ቦታ ካልተገኘስ?

የመስክ ሥራ፦ ሦስት ሜትር ይሁን፣ ርቀቱም በቅጹ ላይ ይጻፍ። በጣቢያ ከሚለኩት የተወሰኑት በሁለቱም ርቀት ይለኩ፤ ልዩነቱን የምናውቀው በዚያ ነው።