የመስሪያ ቤት ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ መጫን፣ ደሴ ኮምቦልቻ አካባቢ የሞከራችሁ አላችሁ?

ሃይቅ ዳር፦
ሰላም ጀመዓው እንዴት ናችሁ። ኮምቦልቻ አንድ ድርጅት ውስጥ ግዢና ንብረት ክፍል ነው ምሰራው። የሰጡኝ ላፕቶፕ ዴል ላቲቲዩድ ነው፣ ኮር አይ ፋይቭ 6ኛ ጀነሬሽን፣ ራም 8 ጊጋ፣ ኤስኤስዲ 256። ያለበት ዊንዶውስ 10 ነው፣ እንደምታቁት ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ላይ ድጋፉን አቁሞበታል፣ ወደ 11 ላሳድገው ስል ደግሞ ፕሮሰሰሩ አይደገፍም ብሎ ይመልሰኛል። ኃላፊዬን ስጠይቀው ዘንድሮ ለላፕቶፕ በጀት የለም አለኝ፣ እውነቱን ነው እኔም በጀቱን አየዋለሁ። እቃው ግን ጤነኛ ነው፣ ኪቦርዱም ስክሪኑም ምንም አልሆነ፣ እንዲህ ያለ ነገር መጋዘን ገብቶ አቧራ ሲጠጣ ማየት ያንገበግበኛል።

እና በዊንዶውሱ ፋንታ ሊኑክስ ሚባለውን ነጻ ሲስተም ልጫንበት ወይ ነው ጥያቄዬ። ስራዬ የአማርኛ ደብዳቤ፣ ብዙ ኤክሴል፣ ቴሌግራም፣ ከአዲስ አበባው ዋና መስሪያ ቤት ጋር በቲምስ ስብሰባ፣ አንዳንዴ ቪፒኤን (ከውጭ ሆኜ ወደ ድርጅቱ ኔትወርክ ምገባበት)፣ ፕሪንተራችን ካነን 6030 ነው። ፔችትሪም (የሂሳብ ሶፍትዌሩ) አለ ግን እኔ ሪፖርት ለማየት ብቻ ነው ምከፍተው። አማርኛ በፓወር ግዕዝ ነው ምጽፈው፣ የአመታት ደብዳቤ በሱ የተጻፈ አለኝ፣ ከሁሉ በላይ ሚያስፈራኝ እሱ ነው። ባካችሁ የምታቁ ንገሩኝ።

ጦሳ ስር፦
አብሽሪ እህቴ ይሆናል። መጀመሪያ ግን ምንም ሳትጭኚ በላይቭ ሞክሪው። የሊኑክሱን ፋይል 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ በሩፈስ ወይ በኤቸር ሚባል ፕሮግራም ትጽፊዋለሽ፣ ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ 12 ትጫኚና ከፍላሹ ታስነሺዋለሽ፣ ሲስተሙ ከፍላሹና ከራሙ ላይ ነው ሚሰራው ኤስኤስዲውን አይነካውም። ትንሽ ዘገም ይላል ግን ሚፈለገውን ያሳይሻል። ዋይፋዩ የቢሮውን ኔትወርክ ያዘ? ማይክና ካሜራው ይሰራል? ፕሮጀክተር ሲሰካ ያያል? ደግሞ ብዙ ሰው ሚረሳው፣ ክዳኑን ዝጊና ትንሽ ቆይተሽ ክፈቺው፣ ከእንቅልፉ ሲነቃ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሚቀር ከሆነ ወይም ዋይፋዩ ሚጠፋ ከሆነ ከመጫንሽ በፊት ነው ማወቅ ያለብሽ። ላቲቲዩድ ላይ ብዙም አልሰጋም፣ ዴል ራሱ ከነኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ አይነት ነው) ሚሸጣቸው ሞዴሎች አሉት፣ የባዮስ (ላፕቶፑን ሚያስነሳው ውስጠኛ ፕሮግራም) አፕዴቱም ለብዙዎቹ ሊኑክስ ውስጥ ሆነሽ ይመጣል።

የቱን የሊኑክስ አይነት ካልሽ ሊኑክስ ሚንት እልሻለሁ። መልኩ ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው ቶሎ ይለመዳል፣ ሜኑው ግራ ጥግ ታች ነው፣ ሚንት 22 ኡቡንቱ 24.04 ላይ ነው የተሰራው እስከ 2029 እኤአ አፕዴት ያገኛል። ሌላው ዳታ ነው። የኡቡንቱ ፋይል ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል፣ ሚንት ግማሹ ገደማ ነው፣ በሞባይል ፓኬጅ ለሚያወርድ ሰው ይሄ ቀላል አደለም። ደሴ ከሆንሽ ፒያሳ ላይ ፍላሽ ይዘሽ ነይ እኔ ጋ አለ ኮፒ አርጊ፣ ግን እኔም ልስጥሽ ማንም ይስጥሽ ቼክሰሙን (ፋይሉ እንዳልተነካካ ሚያሳየውን ቁጥር) ሚንት ዌብሳይት ላይ ካለው ጋር አመሳክሪ፣ መስሪያ ቤት ማሽን ላይ ሚጫን ነገር በእምነት አይወሰድም።

የሰርቨር ክፍሉ፦
ጦሳ ስር ያልከው ሁሉ ልክ ነው ወንድሜ፣ ግን ከዛ በፊት ሚቀድም ነገር አለ። እህቴ ላፕቶፑ ያንቺ አደለም፣ ፈርመሽ የተረከብሽው የድርጅት ንብረት ነው፣ ንብረት ክፍል ስለሆንሽ ይሄን ካንቺ በላይ ሚያቅ የለም። እኔ አይቲ ነኝ፣ ሰራተኛ በራሱ ጊዜ ሲስተም ቀይሮ ሲመጣ ሚያስቆጣን ሊኑክስ ስለሆነ አደለም፣ ማሽኑ ከቁጥጥራችን ስለሚወጣ ነው። አንቲቫይረሱ፣ ባክአፑ፣ ዶሜኑ፣ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ፈቃዱ በጽሁፍ ይሁን፣ በኢሜይልም ቢሆን። በቃል አርጊው ያለሽ ሰው ነገ ሊቀየር ይችላል።

ሁለተኛ ቢትሎከር፣ ዊንዶውስ ዲስኩን ሚቆልፍበት ነው። የድርጅት ላፕቶፕ ስለሆነ ኤስኤስዲው የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ከሆነ 48 አሃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ አለው፣ እሱን ከአይቲ ሳትቀበዪ ባዮስ ውስጥ እንዳትገቢ። ሴኪዩር ቡትን (ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ ሚከለክለውን የባዮስ ማስተካከያ) አጥፍተሽ ላይቩን ሞክረሽ ስትመለሺ ዊንዶውሱ ቁልፉን አምጪ ሊልሽ ይችላል፣ ቁልፉ ከሌለሽ ፋይሉ እዛው ተቀበረ ማለት ነው። ደግነቱ ሚንትም ኡቡንቱም ሴኪዩር ቡት እንደበራ ይነሳሉ፣ ስለዚህ አትንኪው።

እኔ ብሆን ሚያረገውን ልንገርሽ። ዱዋል ቡት ሚባለውን፣ ዊንዶውስና ሊኑክስን ባንድ ማሽን ጎን ለጎን መጫኑን፣ ለስራ ማሽን አልወደውም፣ ፓርቲሽን ማሳነስ፣ ፋስት ስታርታፕን ማጥፋት፣ ዊንዶውስ አፕዴት ባረገ ቁጥር ቡቱ ምን ሆነ እያሉ መሳቀቅ አለው። ከዛ ይልቅ አንድ ሌላ ኤስኤስዲ አስገዢ፣ የላፕቶፑን የጀርባ ክዳን በብሎን መፍቻ ፈተሽ ዋናውን አውጪና ስም ለጥፈሽበት ካዝና ውስጥ አስቀምጪው፣ ሊኑክሱን አዲሱ ላይ ጫኚ። አልሆነም ካልሽ አሮጌውን መልሶ መሰካት ነው፣ ዊንዶውስሽ እንዳስቀመጥሽው ይነሳል። ለኃላፊሽም በዚህ መንገድ ስታቀርቢው እሺ ለማለት ይቀለዋል፣ ምክንያቱም ሚጠፋ ነገር የለም። ማይክሮሶፍት ለድርጅቶች ዊንዶውስ 10ን በክፍያ ማራዘሚያ ብሎ ለመጀመሪያው አመት በአንድ ማሽን 61 ዶላር ነው ያወጣው፣ በየአመቱም እጥፍ ይሆናል፣ ዶላር ከየት ይመጣል ብለሽ ጠይቂያቸው።

ስትጭኚ ዲስኩን ኢንክሪፕት አርግ (ያለይለፍ ቃል እንዳይነበብ ቆልፍ) ሚለውን ምልክት አርጊበት። ከኮምቦልቻ ደሴ በሚኒባስ ሚመላለስ ላፕቶፕ አንድ ቀን መናኸሪያ ላይ ቢጠፋ የድርጅቱ የጨረታ ዋጋ ሌባ እጅ መግባት የለበትም። የይለፍ ቃሉንም አይቲ ጋ በታሸገ ፖስታ አስቀምጪ።

ቪፒኤኑ ምን አይነት ነው? ፎርቲኔት ከሆነ ኦፕን ፎርቲቪፒኤን አለ፣ ሲስኮ ወይም ግሎባል ፕሮቴክት ከሆነ ኦፕንኮኔክት ይሰራል። ግን ዋናው መስሪያ ቤት ማሽኑን ፈትሾ ሚያስገባ አይነት ከሆነ ሊኑክሱን ሊከለክለው ይችላል፣ ይሄን ሚነግርሽ የነሱ አይቲ ብቻ ነው።

ሃይቅ ዳር፦
አላህ ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ የኤስኤስዲውን ነገር በጣም ወደድኩት፣ ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ቢትሎከሩ እውነትም በርቷል አየሁት፣ ሲው ላይ ቁልፍ ምልክት አለ። ቪፒኤኑ ፎርቲኔት ነው። ቁልፉን ከአዲስ አበባው አይቲ በኢሜይል ጠይቄያለሁ። የፔችትሪውንና የፓወር ግዕዙን ነገር ግን ሚያቅ ካለ፣ እነሱ ካልተፈቱ ደብዳቤውንም አላስጽፍም።

የወልድያ ሂሳብ፦
እኔ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ ስለ ፔችትሪ ልንገርሽ እህቴ። ፔችትሪ ለዊንዶውስ ብቻ የተሰራ ነው፣ በዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ሚያስነሳ) አስነሳዋለሁ ሚል ሰው ካጋጠመሽ እሺ ብለሽ እለፊ፣ ዳታቤዙ ለብቻው ሰርቪስ ሆኖ ሚሮጥ ስለሆነ ለጨዋታ ካልሆነ ለድርጅት ሂሳብ አይታመንም። አንቺ ለማየት ብቻ ከሆነ መፍትሄው ቀላል ነው፣ ፋይናንስ ክፍሉ ሪፖርቱን በፒዲኤፍ ወይ በኤክሴል አውጥቶ ይላክልሽ። ግድ ገብተሽ ማየት ካለብሽ ደግሞ እዛው ቢሮ ካለ የዊንዶውስ ማሽን ጋር በሪሚና (ሌላ ማሽን ከርቀት ሚከፍት ፕሮግራም) ትገናኛለሽ፣ ያ ማሽን ፕሮ ሚባለው ዊንዶውስ መሆን አለበት፣ አንቺ ስትገቢ እዛ የተቀመጠው ሰው ይቆለፍበታል፣ ስለዚህ ተነጋገሩ።

ኤክሴል ላይ ግን አደራ። በፊት የሰራሁበት መስሪያ ቤት ሊኑክስ እናርግ ተብሎ የሁሉም ሰው ማሽን ባንድ ሰንበት ተቀየረ፣ ፋይናንስን የጠየቀ ማንም አልነበረም። የደሞዝ ሺታችን በማክሮ (ኤክሴል ውስጥ በተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም) ነበር ሚሰራው፣ ወር መጨረሻ ላይ በሊብሬኦፊስ (ነጻው ኦፊስ) ስንከፍተው ቁልፎቹ አሉ ስትጫኛቸው ግን ስህተት ነው ሚያወጡት፣ የጡረታና የግብር ተቀናሹን በእጅ ሰርተን ደሞዝ ዘገየ፣ ሰራተኛው በኛ ላይ ተነሳ፣ ከዛ ሁሉም ወደ ዊንዶውስ ተመለሰ። ሊኑክሱ አልነበረም ጥፋቱ፣ እስከዛሬ ግን እዛ ቤት ሊኑክስ ሚለውን ስም ማንሳት አይቻልም። እና አንቺ ፋይሎችሽን አሁኑኑ ለያቸው፣ ተራ ቀመር፣ ቪሉክአፕ፣ ፒቮት ያለበት ሊብሬኦፊስ ላይ ይሄዳል፣ ማክሮና ፓወር ኩዌሪ ያለበትን ነው መፍራት። ሊብሬኦፊስን እኮ ዛሬ ዊንዶውስሽ ላይ መጫን ትችያለሽ፣ ፋይሎችሽን አንድ ወር ሙሉ በሱ ክፈቺ፣ ሲስተሙን ሳትቀይሪ መልሱን ታገኚዋለሽ። ኢታክሱ ብሮውዘር ስለሆነ ምንም አይልሽም።

ቧንቧ ውሃ ጽሕፈት፦
ፓወር ግዕዝ ሲባል ዝም ማለት አልቻልኩም፣ እንጀራዬ ነው። እህቴ ፋይሎችሽ ሁለት አይነት ናቸው መጀመሪያ እሱን ለዪ። ደብዳቤውን ክፈቺና ጽሁፉን መርጠሽ የፎንቱን ስም እይ። ፓወር ግዕዝ ዩኒኮድ ወይም ኒያላ ሚል ከሆነ ፊደሉ እውነተኛ የኢትዮጵያ ፊደል ነው፣ የትም ቦታ ይከፈታል። ግዕዝ 1 ምናምን ሚለው የድሮው ከሆነ ግን ፋይሉ ውስጥ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው፣ ፎንቱ ነው አማርኛ አስመስሎ ሚያሳይሽ፣ ለዛ ነው ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ዝብርቅርቁ ሚወጣው። ፎንቱን ሊኑክሱ ላይ ካስገባሽው ለማንበብና ፕሪንት ለማረግ ይሆንሻል፣ ፍለጋ ግን አይሰራልሽም፣ አዲስ ነገርም በሱ እንዳትጽፊ። ዩኒኮድ (አለም አቀፉ የፊደል ኮድ) የኛን ፊደል ካስገባ ከ1999 እኤአ ጀምሮ ነው፣ ዛሬም በድሮው ኮድ ደብዳቤ ሚጽፍ መስሪያ ቤት ስንት አለ መሰለሽ፣ የራሱን መዝገብ ነው ለነገ ሰው ማይነበብ እያረገ ያለው፣ ይሄ ሊኑክስ ብትገቢም ባትገቢም ያሳዝነኛል።

ሊኑክስ ላይ መጻፍ ደግሞ ወላሂ ከምትፈሪው በላይ ቀላል ነው። ሚንት ላይ ሶፍትዌር ማናጀሩ ውስጥ አይባስ ኤም 17 ኤን ሚለውን ጫኚ፣ ኢንፑት ሜተድ ውስጥ አይባስን ምረጪ፣ ወጥተሽ ግቢ፣ ከዛ የአይባስ ማስተካከያ ውስጥ አማርኛ ሴራ ሚለውን ጨምሪ። ዊንዶውስ ቁልፉንና ስፔስን ስትጫኚ ይቀያየራል። ኤስ ብቻ ስትመቺ ስ ይወጣል፣ ኢ ስትጨምሪበት ሰ ይሆናል፣ ኤ ከሆነ ሳ። እጅሽ ከፓወር ግዕዝ ጋር ሚጋጭበት ቦታ ይኖራል፣ ሽን በኤክስ ነው ሚጽፈው፣ ጥን በካፒታል ቲ፣ ኝን በካፒታል ኤን። ካልተመቸሽ ኪማን ሚባል የመጻፊያ ፕሮግራምም ለሊኑክስ አለ፣ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ ሞክሪና እጅሽ የወደደውን ያዢ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ኒያላ የማይክሮሶፍት ፎንት ስለሆነ ሊኑክስ ላይ የለም፣ ሊብሬኦፊስ በሌላ ይተካውና አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ ፊርማው ብቻ ሁለተኛ ገጽ ላይ ይወርዳል። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ጭነሽ አዲሱን ሁሉ በሱ ጻፊ፣ ወደ ውጭ ሚሄደውን በፒዲኤፍ ላኪ።

ጦሳ ስር፦
የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። ቲምስ ለሊኑክስ የነበረው አፕ በ2022 እኤአ ተቋርጧል፣ በክሮም ወይ በኤጅ ውስጥ ነው ምትገቢው፣ ስክሪን ሼርም ይሰራል። ቴሌግራም ዴስክቶፑ እንዳለ አለ። ካነን 6030 እንደሰካሽው ላይሰራ ይችላል፣ ካነን ራሱ ለሊኑክስ ያወጣውን ዩኤፍአር ቱ ድራይቨር ከዌብሳይቱ አውርደሽ ጫኚ፣ ይሄን የቢሮ ኢንተርኔት እያለሽ አርጊው።

ደግሞ ያ ፍላሽ ላይ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት ሚያረገው ቫይረስ እናንተም ቢሮ አይጠፋም፣ ሊኑክስ ላይ አይነሳም። ፍላሹን ስትከፍቺ ቫይረሱ የደበቃቸው ፎልደሮች ይታያሉ፣ ሰነዱን ወደ ላፕቶፑ ገልብጠሽ ሾርትከቶቹን አጥፊያቸው። ግን ፍላሹን መልሰሽ ለዊንዶውስ ሰው ምትሰጪ ከሆነ አጽድተሽ ስጪ፣ አንቺ ባትታመሚም ታስተላልፊያለሽ።

ሃይቅ ዳር፦
ሀቂቃ ከጠበኩት በላይ ነው የረዳችሁኝ። ፋይሎቹን አየኋቸው፣ የቅርቦቹ ዩኒኮድ ናቸው፣ የድሮዎቹ ናቸው ግዕዝ 1 ሚሉት። ኤክሴሎቼ ውስጥ ማክሮ ያለበት የጨረታ ማወዳደሪያው አንድ ፋይል ብቻ ነው፣ እሱን በቀመር እንደገና እሰራዋለሁ። ኃላፊዬ ሃሳቡን በጽሁፍ አምጪው ብሎኛል፣ የኤስኤስዲውንም ግዢ አብሬ አቀርባለሁ፣ አይቲዎቹም ቁልፉን እንልክልሻለን፣ ቪፒኤኑን ግን በሙከራ እንየው ብለዋል። እስከዛ ሊብሬኦፊሱን ዊንዶውሱ ላይ ጭኜ ጀምሬያለሁ። የድሮውን ፎንት ከየት ነው ምገለብጠው?

ቧንቧ ውሃ ጽሕፈት፦
ሲ ውስጥ ዊንዶውስ ሚለው ፎልደር፣ እዛ ውስጥ ፎንትስ ሚል አለ፣ ግዕዝ ብለሽ ፈልጊና የወጡትን ሁሉ ወደ ፍላሽ ገልብጪ። ሊኑክሱ ላይ ፋይሉን ሁለቴ ስትጫኚው ጫን ሚል ይመጣል፣ ከዛ ሊብሬኦፊስን ዘግተሽ ክፈቺው። ኤስኤስዲውን ከመፍታትሽ በፊት ግን ገልብጪ፣ ካዝና ከገባ በኋላ እንዳትቸገሪ።