ከጦር ግምጃ ቤት የወጣ ጠመንጃ ለአደን ይሆናል ወይስ አይሆንም?

ጠያቂው (ኦሮራ፣ ኮሎራዶ)፦
በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ ወጥተው እዚህ አሜሪካ ለገበያ ከቀረቡት አሮጌ ጠመንጃዎች መካከል፣ አባቶቻችን በልጅግ ይሉት የነበረውን፣ በቤልጂየሙ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ በኤፍኤን የተሠራውንና የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸበትን አጭር ሞዜር (በጀርመኖች ንድፍ የተሠራ ጠመንጃ) ገዝቻለሁ። አያቴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ይህንኑ የመሰለ ጠመንጃ ይዘው እንደ ዘመቱ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ስለዚህ በመጪው ጥቅምት አጋዘን ላድንበት አስቤያለሁ። አብረውኝ የሚያድኑት ሁለቱ ጓደኞቼ ግን የጦር መሣሪያ ለጦር እንጂ ለአደን አይሆንም ብለው አጥብቀው ተቃውመውኛል። እናንተ ምን ትላላችሁ?

ተቃዋሚው፦
እኔ ከጓደኞችዎ ጋር ነኝ። ለጦር የተሠራ ጥይት አረሩ ሙሉ በሙሉ በብረት ሽፋን የተለበጠ ስለሆነ፣ ሥጋ ውስጥ ሳይሰፋ በስቶ ያልፋል፤ የቆሰለው እንስሳም ጫካ ገብቶ ለሰዓታት ተሠቃይቶ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ የወጣው ስምምነት ሲመታ የሚሰፋ አረርን ከጦር ሜዳ ያገደው ለወታደሩ ከመራራት ነው፤ የኮሎራዶ የአደን ደንብ ደግሞ በተቃራኒው ለትልልቅ እንስሳት የሚሰፋውን አረር ያስገድዳል። ሁለቱ ሕጎች ፊትና ጀርባ የሆኑት ሁለቱ ሥራዎች ስለሚለያዩ ነው። ማነጣጠሪያውንም ያስቡበት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመኑ የ1898 ሞዜር ማነጣጠሪያ ዝቅተኛው ልክ 400 ሜትር ነበር፤ መቶ ሜትር ላይ ለቆመ አጋዘን በዚያ ልክ የተኮሰ ሰው ጥይቱ ከጀርባው በላይ ያልፍበታል።

ተሟጋቹ፦
ወንድሜ፣ የከሰሱት ጥይቱን ነው፣ የፈረዱት ግን በጠመንጃው ላይ ነው። ለዚያው ጠመንጃ የሚሆን፣ ሲመታ የሚሰፋ የአደን ጥይት በየሱቁ ይሸጣል። በሞዜርና በአደን ጠመንጃ መካከል አጥር አለ ከተባለም አጥሩን ያፈረሱት አዳኞች ራሳቸው ናቸው፦ የእንግሊዙ ጠመንጃ ሠሪ ሪግቢ ለአፍሪካ ትልልቅ አውሬዎች የሚሆኑ ጠመንጃዎቹን በሞዜር መዝጊያ ላይ ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው የአሜሪካው የአደን ጠመንጃ ዊንቸስተር ሞዴል 70ም ቀለሁን ነክሶ የሚያወጣውን ሰፊ ጥፍር ከሞዜር ወሰደ። ጓደኞችዎ ተሸክመውት የሚወጡት አዲስ ጠመንጃ የዚያው ቤተሰብ ልጅ ሳይሆን አይቀርም።

ጠመንጃ ጠጋኙ፦
ሁለታችሁም ስለ "ሞዜር" በጅምላ ትከራከራላችሁ፤ እኔ ግን የማየው እጄ ላይ የገባውን አንዱን ጠመንጃ ነው። አሠራሩ ጠንካራ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶች ቢከዱ እንኳ መዝጊያውን የሚይዝ ሦስተኛ ጥርስ ከኋላ አለው። ነገር ግን ሰማንያና ዘጠና ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የኖረ መሣሪያ ስለሆነ፣ በመዝጊያው ላይ ያለው ቁጥር በአካሉ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ መዝጊያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ በመዝጊያው ፊትና በጎረሰው ጥይት መካከል ያለው ክፍተት ከልክ አልፎ፣ ቀለሁ ሲተኮስ ሊቀደድና የሚያቃጥለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ዓይን ሊመለስ ይችላል። ይህን ለመለካት የተሠሩ የብረት መለኪያዎች አሉ፤ በዓይን ግምት አይሆንም። ቀጥሎ የበርሜሉን ውስጥ እመለከታለሁ። የድሮው የጦር ጥይት መቀጣጠያ ሲተኮስ እርጥበት የሚስብ ጨው ትቶ ስለሚያልፍ፣ በውኃ ሳይታጠብ የቆየ በርሜል በዝገት ይበላል፤ ከአፈሙዙ በኩል በብረት ዘንግ ለዓመታት ሲወለወል የኖረም አፉ ይሰፋና ጥይቱን ይበትናል። እንዲህ ያለውን ቤት ግድግዳ ላይ ስቀሉት እላለሁ፤ ደንበኞቼ ቅር ቢላቸውም።

በዚህ ሁሉ ያለፈ በልጅግ ግን ለአጋዘን አያንስም። የአሜሪካ ፋብሪካዎች የዚህን ጥይት የባሩድ መጠን ሆነ ብለው የሚቀንሱት፣ ከ1898 በፊት የተሠራውና በርሜሉ ጠበብ ያለው የጀርመኑ የ1888 ጠመንጃ ላይ ቢጎርስ አደጋ እንዳያመጣ ነው፤ ያም ሆኖ 170 ግሬኑ (11 ግራም ያህል የሚመዝነው) አረር ኮሎራዶ በ100 ያርድ ላይ የምትጠይቀውን 1,000 ፉት-ፓውንድ የምት ጉልበት በሰፊው ያልፋል።

አዲስ ገቡ፦
ሲሞኖቭ የሚባለው፣ ራሱን በራሱ የሚያጎርሰው የሩሲያ ጠመንጃስ? ርካሽ ነው ብለው አንዱን ሊሸጡልኝ ነበር።

ተቃዋሚው፦
የኮሎራዶ ደንብ ራሱን በራሱ በሚያጎርስ ጠመንጃ ካዝናውና የጎረሰው ተደምሮ ከስድስት ጥይት እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ የሲሞኖቭ ካዝና ደግሞ አሥር ይይዛል። ያን ቢያስተካክሉት እንኳ ጥይቱ ለአጋዘን በቅርብ ርቀት ይበቃ ይሆናል እንጂ ኤልክ ለሚባለው ግዙፍ እንስሳ አልመክርም።

ሰብሳቢው፦
አሮጌ ጠመንጃ የምሰበስብ ስለሆንኩ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መነጽር ልግጠምበት ብሎ አንበሳው አጠገብ በመሰርሰሪያ የሚበሳ፣ ሰደፉን ለማቅለል በመጋዝ የሚቆርጥ ሰው ይመጣል። ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኋላ ብዙ አሜሪካውያን በሺህ የሚቆጠሩ ሞዜሮችን እንዲሁ አድርገዋል፤ ያኔ እንደ ጉድ ሞልቶ ስለነበር ማንም አላዘነም። የኢትዮጵያ ምልክት ያለበት ግን ጥቂት ነው፤ አንዴ የተበሳ ብረት አይመለስም። ሊያድኑበት ከፈለጉ እንዳለ ያድኑበት፣ ካልሆነም ለአደን ሌላ ይግዙ።

ተቃዋሚው፦
እንዳለ ከተባለ ክርክሬ ይበረታል እንጂ አይደክምም። አጋዘን የሚወጣው ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው፤ ያን ሰዓት ስድሳን የተሻገረ እንደ እኔ ያለ ዓይን ቀጭኗን የብረት ማነጣጠሪያ ከጥቁር ቁጥቋጦ አይለያትም። ጠመንጃው ችሎ ተኳሹ ባይችል፣ ለእንስሳው ምን ልዩነት አለው?

ተሟጋቹ፦
ይህን አልክድም። ግን እሱ የርቀት ጉዳይ ነው፤ ርቀቱን ደግሞ ጠያቂው ራሳቸው ሊለኩት ይችላሉ። ሃያ ሳንቲ ሜትር የሚሆን የወረቀት ሳህን ይስቀሉ፤ የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ በግምት ያን ያህል ነው። በአደኑ ጥይት፣ ተንበርክከው፣ ያለ ጠረጴዛ ድጋፍ ይተኩሱ። አምስቱም ሳህኑ ላይ እስካረፉበት ድረስ ያለው የእርስዎ ርቀት ነው።

ጠያቂው፦
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ጠጋኝ ዘንድ ወስጄው የመዝጊያው ቁጥር ከአካሉ ጋር ገጠመ፣ ክፍተቱም በልኩ ሆነ፤ በርሜሉ ጠቆር ቢልም ጥይቱን የሚያሽከረክሩት የውስጥ መስመሮቹ አልጠፉም። በ50 ያርድ አምስቱም ሳህኑ ላይ አረፉ፣ በ100 ሦስቱ ብቻ፤ በ150 ያገኘሁትን ግን ባልናገረው እመርጣለሁ። በመካከል 75 ላይ ደግሜ ሞክሬ አምስቱም ስላረፉልኝ፣ ዘንድሮ የምወጣው በአጋዘን ፈቃድ ብቻ ነው፤ ከዚያ ርቀት ባለፈም ቃታ አልስብም። ከተቃወሙኝ ጓደኞቼ አንዱ ያርድ መለኪያውን ይዞ አብሮኝ ሊወጣ ተስማምቷል፤ ሌላው አሁንም አልተዋጠለትም። ለሰብሳቢው፦ መሰርሰሪያ አልነካውም።