በአንድ ቤት ያደጉ ልጆች አለርጂያቸው ለምን ይለያያል?

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት፣ ደሴ

የተከበራችሁ አባላት፣ የ11 ዓመቱ ልጄ ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ ደጋግሞ ያስነጥሰዋል፤ አፍንጫው እንደ ውኃ ይፈስሳል፣ ዓይኑንም ያሳክከዋል። ጎረቤቶቼ «ብርድ መትቶት ነው» ይሉኛል፤ ነገር ግን ትኩሳት የለውም፣ ኮምቦልቻ አክስቱ ቤት ሲሰነብት ደግሞ ይተወዋል። ታናሽ እኅቱ ባለፈው ሳምንት ኦቾሎኒ የተቀላቀለበት ቆሎ በልታ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከንፈሯ አበጠ፤ አንገቷም በሳማ የተለበለበ ያህል በሽፍታ ተሸፈነ። ትልቋ ከወንድሟ ጋር በአንድ አልጋ እየተኛች፣ ያንኑ ቆሎ በልታ ደኅና ናት። ልዩነቱ ከየት መጣ?

መልስ፦ ነርስ፣ ኮምቦልቻ

እኅቴ፣ ይበልጥ የምታሳስበኝ ታናሿ ስለሆነች ከእርሷ ልጀምር። ሐኪም እስኪያያት ድረስ ኦቾሎኒ ጨርሶ አያቅምሷት፤ በዚያው ምጣድ የተቆላ ገብስም ፍርፋሪ ሊይዝ ስለሚችል የገበያ ቆሎ ይቅርባት። ያለፈው በሽፍታና በእብጠት ስላበቃ የሚቀጥለውም እንዲሁ ያልፋል ማለት አይደለም። ትንፋሽ ካጠራት፣ ድምፅዋ ከጎረነነ፣ ደጋግማ ካስመለሳት ወይም ራሷን ልትስት ካለች፣ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ያድርሷት፤ በዚያ ሰዓት ሕይወት የሚያድነው ጭን ላይ የሚወጋው አድሬናሊን እንጂ የሚዋጥ ክኒን አይደለም።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ አለርጂ የሚነሣው የሰውነት መከላከያ ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ሲያዘጋጅበትና ያ ነገር ዳግም ሲመጣ የሚያሳክከውንና የሚያሳብጠውን ሂስታሚን የተባለ ኬሚካል ሲለቅ ነው። ልጆች ከወላጅ የሚወርሱት ዝንባሌውን ነው፤ ሰውነታቸው በምን ላይ እንደሚቆጣ ግን በውርስ ብቻ አይወሰንም። ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች እንኳ አንደኛው ታሞ ሌላው ምንም ላይነካው ይችላል።

መልስ፦ አባት፣ ደሴ

የእኔም ልጅ «ሳይነስ ነው» እየተባለ ለዓመታት አንቲባዮቲክ ሲወስድ ኖሯል፤ ይህን ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል። ጥፋቱ የአሮጌው የጥጥ ፍራሽ ነበር። በፍራሽና በትራስ ውስጥ ዓይን የማያያቸው የአቧራ ነፍሳት ይኖራሉ፤ እርጥበት ይስማማቸዋል፣ የደሴ ክረምት ደግሞ ጭጋጉ ቤት ድረስ ይገባል። አንሶላውን በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውኃ ይጠቡ። አክስቱ ቤት በምን ላይ እንደሚተኛም ይጠይቁ፤ የተሻለው በኮምቦልቻ አየር ላይሆን ይችላል። ቡና ሲፈላ ልጁን ከዕጣኑ ያርቁት፤ ጭሱ የአለርጂው ምንጭ ባይሆንም የተቆጣ አፍንጫን ያባብሳል።

መልስ፦ ፋርማሲስት፣ ደሴ

ለአለርጂ ከሚሰጡት ክኒኖች ክሎርፌኒራሚን ልጁን ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ያስይዘዋል፤ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን ይሻለዋል። መጠኑን ግን ሐኪም ይወስን።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፍራሹን ገልብጬ ባየው በግድግዳው በኩል ያለው ጎኑ ሻጋታ አውጥቷል፤ አክስቱ ቤት የሚተኛው በአዲስ ስፖንጅ ላይ ነው። ታናሿን ሰኞ ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ፤ ለመምህርቷም ስለ ኦቾሎኒው ጽፌ ልኬላታለሁ።