ሙዚየም ይምራን ወይስ ይልቀቀን?

ጥያቄ አንሺ፦ ኤግዚቢሽን ጎብኚውን ከመግቢያ እስከ መውጫ በቀስት ይምራው ወይስ ደስ ወዳለው እየሄደ ራሱ ይማር? እኔ ይለቀቅ ባይ ነኝ። ሰው ወዶ ነው የገባው፣ ፈተና የለበት። ምን አሰለፈው?

መንገደኛ፦ ልክ ነው! ሳን ፍራንሲስኮ ያለውን የሳይንስ ሙዚየም፣ ኤክስፕሎራቶሪየምን እዩ። የፊዚክስ ሊቁ ፍራንክ ኦፐንሃይመር በ1969 እ.ኤ.አ. ሲከፍተው ጎብኚው ራሱ እየነካ፣ እየሞከረ እንዲማር ብሎ ነው።

ቀይ እስክሪብቶ፦ መንካት ብቻውን መማር ሆነ እንዴ? ልጁ ቁልፉን ይጫናል፣ መብራቱ ቦግ ይላል፣ ወደሚቀጥለው ቁልፍ ይሮጣል። አለቀ። ደግሞ ወንድሜ፣ ግማሹን ትተኸዋል፤ እዚያ ጎብኚውን የሚያግዙ ወጣቶች በየመሃሉ ይቆማሉ፣ ዕቃውም በጎብኚ እየተሞከረ ይስተካከላል። እንዲሁ የተለቀቀ ሰው የለም። ዝም ብለህ ስትለቅ የሚጠቀመው ቀድሞ የሚያውቀው ነው፤ ሌላው ዞር ዞር ብሎ ይወጣል።

ጽሑፍ አዘጋጇ፦ የኤግዚቢሽን ጽሑፍ ማዘጋጀት ሥራዬ ነው፤ ረጅም ከሆነ አብዛኛው ሰው አያነበውም። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የአቀማመጡ ነው። የቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ቤንጃሚን ጊልማን በ1916 እ.ኤ.አ. ስለ ሙዚየም ድካም፣ ማለትም ጎብኚው ሲዞር ስለሚሰማው ድካም ሲጽፍ፣ አንድ ሰው ዕቃና ጽሑፍ ለማየት ሲያጎነብስና ሲንበረከክ የሚያሳዩ ፎቶዎች አቅርቦ ነበር። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ ዛሬም ጉልበት ሥር ይለጥፋሉ።

መንገደኛ፦ እሺ፣ ጽሑፉ ለምን ጨርሶ አይቀርም? አውስትራሊያ ውስጥ ሆባርት ከተማ ያለው ሞና የሚባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግድግዳው ላይ ጽሑፍ የለውም።

ጽሑፍ አዘጋጇ፦ ከግድግዳ ወረደ እንጂ አልቀረም እኮ! በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ይነበባል። የፈለገ ይከፍተዋል፣ ያልፈለገ ያልፋል። እኔም የምለው ይህንን ነው፤ አጭሩ ለሁሉም፣ ረጅሙ ለፈለገ።

የሁለት ልጆች እናት፦ እናንተ ብቻውን የሚዞር ሰው ነው የምታስቡት። እኛ በቡድን ነው የምንገባው። አንዱ ይጎትተኛል፣ ሌላው ይጠይቀኛል፣ እኔ መልሱን ከአጠገቤ ማግኘት አለብኝ። አንድ ስክሪን ላይ ሦስት ሰው ማንበብ አይችልም። ወንበርም አስቡ በናታችሁ።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ወንበሩ ይሰመርበት። እኔ ግን ቢያንስ በየክፍሉ መግቢያ ላይ ክፍሉ ስለ ምን እንደሆነ በሁለት መስመር ይጻፍ እላለሁ። ታሪክ ከሆነማ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል፤ ውጤቱን አይተህ መንስኤውን ከሦስት ክፍል በኋላ ብታገኘው ምን ይገባሃል?

ጥያቄ አንሺ፦ ሁለቱን መስመር ተቀብያለሁ። ቀስቱን ግን አልቀበልም። ቅደም ተከተሉን የፈለገ፣ በየክፍሉ በር ላይ ቁጥር ጻፉለት፤ ከ5 መጀመር ያማረኝን ደግሞ ተዉኝ።