ደቡብ አፍሪካ ለሞስኮ ያለባት ውለታ እስከ መቼ ነው?

አወያይ፦ የካቲት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ልክ በአድዋ በዓል ዕለት፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሩሲያ ከዩክሬን ትውጣ ሲል በ141 ድምፅ ወሰነ። 5 አገሮች ተቃወሙ። 35ቱ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ ደቡብ አፍሪካ፣ አንጎላ፣ ናሚቢያ፣ ሞዛምቢክና ዚምባብዌ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። የነፃነት ትግሉ ዘመን ውለታ ነው ወይስ ሌላ? (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ እንጻፍ።)

ከጆበርግ፦ ውለታ ነው እንጂ! የማንዴላን ድርጅት ኤኤንሲን ያስታጠቀው ማን ነበር? ሶቪየት። አሜሪካ ማንዴላን ከአሸባሪዎች ዝርዝር የፋቀችው በ2008 ነው። ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ 90 ዓመት ሊሞላው ሲል! እዚህ ሰው ይህን አልረሳም።

መምህሩ፦ ስለ አሜሪካ ያልከው እውነት ነው ወንድሜ። በ1986 በአፓርታይድ መንግሥት ላይ የወጣውን የማዕቀብ ሕግ ፕሬዚዳንት ሬገን ውድቅ አድርጎት ነበር፤ የጸደቀው ኮንግረሱ እምቢ ስላለው ነው። ግን የኤኤንሲ ታጋዮች የት ሠለጠኑ? ብዙዎቹ ኦዴሳ፤ ክራይሚያ የሠለጠኑም አሉ። ኦዴሳ የዩክሬን ከተማ ናት። ዛሬ ሚሳይል ይወርድባታል። የእሷን ውለታ ማን ይክፈላት? «ሶቪየት» በተባለ ቁጥር ሞስኮን ብቻ ማሰባችን ያሳዝነኛል።

የፒያሳዋ፦ እኔ ውለታ የሚለውን ራሱን አልቀበልም። ዚምባብዌን እዩ። ሶቪየት የረዳችው የሙጋቤን ተቀናቃኝ የንኮሞን ፓርቲ ዛፑን ነበር፤ ሙጋቤን የረዳችው ቻይና ናት። ሙጋቤ በ1980 ሥልጣን ሲይዝ ሞስኮን ወራት አስጠብቋል። ኤርትራ ደግሞ አለችላችሁ። ሻዕቢያ ስንት ዓመት የተዋጋው ሶቪየት ካስታጠቀችው ደርግ ጋር ነው። ከአምስቱ ተቃዋሚዎች አንዷ ግን ኤርትራ ናት! ይሄ ምን ውለታ ይባላል? የዛሬ ጥቅም ነው፤ በምዕራባውያን ማዕቀብ መማረርም አለበት።

ከጆበርግ፦ የኤርትራው መልስ የለኝም እህቴ። አንጎላን ግን እንዲህ አታልፊያትም። የሶቪየት መሣሪያና የኩባ ወታደር ባይኖር የአፓርታይድ ጦር አንጎላ ውስጥ ኩዊቶ ኩዋናቫሌ በምትባለው ከተማ ላይ ባልቆመ ነበር። ናሚቢያም በ1990 ነፃ የወጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

መምህሩ፦ እሱን ማንም አይክድም። እኔ የምለው መንግሥታት ውለታን እየመረጡ ነው የሚያስታውሱት። በ1962 ማንዴላን ኮልፌ ያሠለጠነችው የጃንሆይ ኢትዮጵያ ናት፤ ያውም የአሜሪካ ወዳጅ ሆና። እዚያ ደቡብ አፍሪካ የወገን ሱቅ ሲዘረፍ ይህን ያነሳ ባለሥልጣን ሰምተሃል?

ከጆበርግ፦ አልሰማሁም፣ መምህር። የጎረቤቴ ሱቅ ሲዘረፍ እዚያው ነበርኩ።