8ኛ ክፍል ገና ሲገቡ የሒሳብ ደረጃቸውን በምን ልፈትን?

ቾክ_በእጄ

ሰላም ቲቸሮች። እስከ አምና 5ኛና 6ኛ ነበር የማስተምረው፣ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ሒሳብ ሰጡኝ። አራት ሴክሽን፣ በየክፍሉ 60 ምናምን ልጅ። ራሽናል ቁጥር (ክፍልፋይም ኔጌቲቭም ያለበትን ምዕራፍ) ልጀምር ብዬ እስኪ 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ "2/5!" አለኝ። ዝም ያሉትም አሉ፣ እኔን ያሳሰቡኝ እንደውም እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ወደ ምዕራፉ ከመግባቴ በፊት አንድ ፈተና ልሰጣቸው ነው። የዩኒት ፈተና አይደለም። እስካሁን ከተማሩት ጠቅላላ ሒሳብ ምን ያህሉ እጃቸው ላይ እንዳለ ለማወቅ ነው፤ አራቱ ስሌቶች፣ ክፍልፋይ፣ አስርዮሽ፣ መቶኛ፣ ኔጌቲቭ ቁጥር፣ ዙሪያና ስፋት፣ ትንሽ ወርድ ፕሮብሌም። አንድ የቆየ የ6ኛ ክፍል ፈተና አለኝ፣ እሱን ኮፒ ላድርግ? የዲፓርትመንት ኃላፊያችን ግን "ፔሬድ አታባክኚ፣ ዞሮ ዞሮ የሚጠየቀው ሚኒስትሪ ላይ የሚመጣው ነው" አለኝ። ስንት ጥያቄ ይበቃል? ምርጫ ይሁን ወይስ ሰርተው ያሳዩ? ማርክስ ይያዝበታል?

ላዕል_ታህት

የ6ኛ ክፍሉን ተይው እህቴ። እሱ የተዘጋጀው ልጁ አለፈ ወይ ወደቀ ለማለት ነው። አንቺ የምትፈልጊው የት ጋ እንደተበላሸበት ነው። 45 ያመጣ ልጅ ምን እንደጎደለው 45ቱ አይነግርሽም።

ጥያቄ አታብዢ። በአንድ ፔሬድ 12 ጥያቄ በቂ ነው፣ ግን እያንዳንዱ የታወቀ ስህተት የሚያጋልጥ ይሁን። ለምሳሌ 0.35 እና 0.4 የትኛው ይበልጣል በያቸው። 0.35 የሚል ልጅ ከነጥቡ በኋላ ያለውን እንደ ሙሉ ቁጥር ነው የሚያነበው፣ 35 ከ4 ይበልጣላ። 6 + 4 × 2 ስጪያቸው፤ 20 ካለ ከግራ ወደ ቀኝ ዝም ብሎ እየነዳው ነው። −3 − 5 ላይ ደግሞ 8 የሚልሽና 2 ወይም −2 የሚልሽ ልጅ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው "ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ፖዘቲቭ ነው" የሚለውን የማባዛት ሕግ እዚህ አምጥቶት ነው፣ ሁለተኛው ግን የቁጥር መስመሩ ራሱ አልገባውም። ሁለቱንም "ተሳስተዋል" ብለሽ ኤክስ ካደረግሽ ፈተናውን መስጠትሽ ጥቅም የለውም።

8 + 4 = __ + 5 የምትለዋን እንዳትረሺ። የ2ኛ ክፍል ጥያቄ ትመስላለች። 12 ብለው የሚሞሉትን ብዛት ስታዪ ግን ትደነግጫለሽ፣ ሁሉንም ደምረው 17 የሚሉም አሉ። የእኩል ምልክት ለነሱ "መልሱን እዚህ ጻፍ" ማለት ነው። እንግዲህ ይሄ ልጅ 3x + 2 = x + 10 ቦርድ ላይ ስትጽፊለት ምን እንዲረዳ ነው የምትጠብቂው?

ግምትም ጨምሪ። አሜሪካኖቹ በነሱ አቆጣጠር በ1978 ብሔራዊ ምዘናቸው ላይ ለ13 ዓመት ልጆች 12/13 + 7/8ን ገምቱ ብለው 1፣ 2፣ 19 እና 21 የሚል ምርጫ ሰጥተው ነበር። ሁለቱም ለአንድ የቀረቡ ናቸው፣ መልሱ 2 ነው፣ ምንም ስሌት አይፈልግም። 2 ያለው 24 በመቶው ብቻ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 19 ወይ 21 አሉ፣ ላዕልን (የላዩን ቁጥር) ከላዕል ወይ ታህትን (የታቹን) ከታህት ደምረው። ያንቺዎቹ "2/5" ያሉት በዚያው መንገድ ነው፣ የኛ ልጆች ብቻ ናቸው ብለሽ ተስፋ አትቁረጪ።

ሮስተር_የሰለቸው

ሁሉም ጥሩ፣ ግን አራት ሴክሽን በ60 ማለት 240 ወረቀት ነው። ማን ነው የሚያርመው? ምርጫ አድርገሽ ገላገይው። "ሰርታችሁ አሳዩ" ብለሽ እስከ ገና ስታርሚ እንዳትገኚ። ኩረጃውን ደግሞ እኔ አልነግርሽም፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት።

ዘጠኝ_ነጥብ_ዘጠኝ

@ሮስተር_የሰለቸው ሸክሙን ልክ ብለሃል፣ ምርጫ ብቻ የሚለው ግን አይመቸኝም። ባለ አራት ምርጫ 20 ጥያቄ ስትሰጥ ምንም የማያውቅ ልጅ በግምት ብቻ ወደ 5 ያመጣል። 10 ያመጣው ልጅ "ግማሹን ያውቃል" ትላለህ፣ ግምቱን ስትቀንስለት ግን በእርግጥ የሚያውቀው 6 ወይም 7 ነው። ደካማው ልጅ የሚደበቀው እዚህ ጋ ነው፣ ፈተናው ደግሞ የተዘጋጀው እሱን ለማግኘት ነበር።

ምርጫ የግድ ከሆነ የተሳሳቱትን ምርጫዎች በዘፈቀደ አትሙያቸው። 3/4 + 1/2 ላይ 5/4 መልሱ ነው፤ 4/6 ላይና ታች ለደመረ፣ 3/8 ላባዛ፣ 4/4 ደግሞ ታህቱን ወደ 4 ቀይሮ ላዕሉን መቀየር ለረሳ። ልጁ ያከበባት ፊደል ራሷ ምን እንዳሰበ ትነግርሻለች። እርማቱም ይቀላል፣ ማርክስ መደመር የለም፣ በየጥያቄው A ስንት፣ B ስንት፣ C ስንት ብሎ መቁጠር ብቻ ነው። ለኩረጃው ሁለት ኮድ አውጪ፣ ቁጥሮቹን ብቻ ቀይሪ። ከ12ቱ ሦስቱን ብቻ ሰርተው ያሳዩሽ።

ማርክስ አትያዢበት። ማርክስ ካለው ይኮራረጃሉ፣ ከሌለው ደግሞ "ቲቸር ስንት ይያዛል?" ብለው ጠይቀው ዜሮ መሆኑን ሲሰሙ እስክሪብቶ የሚያስቀምጡ አሉ። እኔ "በዚህ ውጤት ነው የማጠናከሪያ ክፍል የምመድባችሁ" እላለሁ፣ ይሠራል። ማጠናከሪያ የሚሰጠው ቅዳሜ ነዋ።

ቾክ_በእጄ

ቅዳሜዋን ወድጃታለሁ 😄

አንድ ሌላ ነገር። እኛ ጋ ከ7ኛ ጀምሮ ሒሳብ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ወርድ ፕሮብሌም ስሰጥ ሒሳቡን ነው እንግሊዝኛውን የምፈትነው? አንዳንዱ ጥያቄው ላይ ያሉትን ቁጥሮች ይለቅምና ያገኘውን ምልክት መሃል ከትቶ ያስረክበኛል።

አስጠኚ_ነኝ

እዚህ ጋ ቆም በይ፣ ዋናው እሱ ነው። እኔ ቤት ለቤት ነው የማስጠናው፣ "ሒሳብ አይችልም" ተብለው ከሚሰጡኝ ልጆች ስንቱ ጥያቄውን ማንበብ ብቻ እንዳቃተው ብነግርሽ አታምኚም።

አን ኒውማን የምትባል አውስትራሊያዊት በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ያመጣችው ቀላል ዘዴ አለ። የተሳሳተውን ልጅ ጠርተሽ አምስት ነገር በተራ ትጠይቂዋለሽ፦ ጥያቄውን አንብብልኝ፤ ምን እየጠየቀህ ነው፤ በምን መንገድ ትሠራዋለህ፤ በል ሥራው፤ አሁን መልሱን ጻፍልኝ። የቱ ጋ እንደቆመ ያኔ ታውቂያለሽ። "more than" የሚለውን ሳያውቅ ቀርቶ የቆመ ልጅ መደመር አስተማርሽው አላስተማርሽው ለውጥ የለውም። 240ውንም ጥሪ አልልሽም። ከየሴክሽኑ አራት አምስት፣ በተለይ ከነዚያ ዝም ካሉት።

ፈተናው ላይ ደግሞ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሁለት ጊዜ አስገቢ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ አንዴ በአማርኛ፣ ቁጥሩን ለውጠሽ። 800 ብር የነበረ ቦርሳ 20 በመቶ ቅናሽ ተደረገበት፣ አሁን ስንት ነው? በአማርኛው 640 ብሎ በእንግሊዝኛው ከተሳሳተ ችግሩ ሌላ ነው። በሁለቱም መቶኛውን እንደ ብር ቆጥሮ ከቀነሰ ግን፣ እዚህ 20 ብር ብቻ ቀንሶ 780 እንደማለት፣ መቶኛ ራሱ አልገባውም።

የናቲ_አባት

እኔ አስተማሪ አይደለሁም፣ ቲቸር ካልቸገረዎት ከወላጅ በኩል ልናገር። የምንኖረው አሜሪካ ነው፣ ልጄ 7ኛ ክፍል ነው። እነሱ ማፕ የሚሉት ፈተና አላቸው፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ በኮምፒውተር ይሰጣል። ልጁ ሲመልስ የሚቀጥለው ጥያቄ ይከብዳል፣ ሲሳሳት ይቀላል። ማለፍና መውደቅ የለውም። መጀመሪያ ውጤቱ ሲመጣልኝ "ከስንት ነው?" ብዬ ጠየቅኩ፣ ከስንት የሚባል ነገር የለውም አሉኝ፤ መስከረም ላይ ከነበረበት ምን ያህል እንደሄደ ነው የሚታየው። ለእኛ "ስንተኛ ወጣህ" እየተባልን ላደግነው ግራ ያጋባል እንጂ ጥቅሙን በኋላ ነው ያየሁት። እርስዎም ያንኑ ፈተና ጥር ላይ ደግመው ቢሰጡ ለወላጅ የሚያሳዩት ነገር ይኖርዎታል። ብቻ ውጤቱን ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው እንዳያነቡት፣ አደራ።

ሮስተር_የሰለቸው

ኮምፒውተር አልክ ወንድሜ? እኛ ጋ ወረቀት ካለ ቀለም የለም፣ ቀለም ካለ መብራት የለም። ጥር ላይ ድገሚው ያልከው ግን ጥሩ ሐሳብ ነው። ጥያቄዎቹን ቦርድ ላይ ጽፋ በደብተር ወረቀት ብታሠራቸውም ይሆናል።

ላዕል_ታህት

ስለ ዲፓርትመንት ኃላፊሽ ልመለስ፣ ማንም አልመለሰልሽም። "ፔሬድ አታባክኚ" ሲልሽ የሚያስፈራው ምዕራፍ አለመጨረሱ ነው፣ እውነቱን ነው፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሚጠይቀው እሱን ነው። ግን የ2015ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና አስታውሺው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ነበር። በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። እነዚያ ልጆች ምዕራፍ ሳይጨረስላቸው ቀርቶ ነው? ብዙዎቹ ተጨርሶላቸዋል እኮ! ክፍልፋይ ሳይገባው 8ኛን ያለፈ ልጅ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ በሽምደዳ ነው የሚሄደው።

ፍልሚያ ውስጥ አትግቢ ግን። አንድ ፔሬድ ብቻ ጠይቂው፣ ውጤቱን በአንድ ገጽ አምጪለት፦ ከ240ው ይህን ያህሉ 0.35 ይበልጣል ብሏል፣ ይህን ያህሉ 2/5 ብሏል። ቁጥሩን ሲያይ ቅዳሜን ራሱ ይፈቅድልሻል። ሁሉንም ከሥር እንጀምር እንዳትይ ብቻ፣ ያ አያልቅም። ሁለት ነገር ምረጪ፣ ከራሽናል ቁጥር በፊት የግድ የሚያስፈልጉትን፣ ክፍልፋይና የቁጥር መስመር። ስፋትና ዙሪያው ምዕራፉ ሲደርስ ይደርሳል።

ቾክ_በእጄ

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ነገ አንዱ ሴክሽን ላይ እሞክረዋለሁ። የመጨረሻዋ ጥያቄ እንዲህ ናት፦ "130 ተማሪዎች ለጉብኝት ሊሄዱ ነው። አንድ ሚኒባስ 12 ሰው ይይዛል። ስንት ሚኒባስ ያስፈልጋል?" 10 ቀሪ 10 ብሎ የሚተዋትንና 11 የሚላትን ለመለየት ነው።

አስጠኚ_ነኝ

ጥሩ ናት፣ ግን ተጠንቀቂ። እኔ እቺኑ ዓይነት ለአንድ ልጅ ሰጥቼው "10 ይበቃል" አለኝ። ቀሪዎቹ 10 ልጆችስ ስለው "በየታክሲው አንድ አንድ ትርፍ ይገባሉ" አለ። 10 በ13፣ 130፣ ልክ ነው። ሰርተው ከሚያሳዩሽ ሦስቱ ውስጥ አስገቢያት፣ አለበለዚያ እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ኤክስ ታደርጊዋለሽ።

ሮስተር_የሰለቸው

"ትርፍ መጫን ክልክል ነው" ብለሽ ጥያቄው ላይ ጨምሪበት 😂