የኩባያ ኅትመት ሥራችንን እንዴት እናቀላጥፍ?

ጥያቄ፣ ከአራት ኪሎ

ጤና ይስጥልን። እኔና ታናሽ እህቴ አራት ኪሎ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስምና ፎቶ በኩባያ ላይ እያተምን እንሸጣለን። ያሉን መሣሪያዎች አንድ የሰብሊሜሽን ፕሪንተር (በሙቀት ወደ ኩባያ የሚተላለፍ ቀለም በወረቀት ላይ የሚያትም)፣ አንድ የኩባያ ሂት ፕሬስ (ወረቀቱን ኩባያው ላይ ተጭኖ የሚያሞቅ) እና አንድ ላፕቶፕ ናቸው። በአዘቦት ቀን 8 ወይም 10 ኩባያ ስለምናትም አንቸገርም፤ የምረቃ ወቅት ሲደርስ ግን ከስድስት ኪሎ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ የ60 ኩባያ፣ ያውም እያንዳንዱ የተለያየ ስም የሚጻፍበት ትዕዛዝ ይመጣልናል። ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለውን ትዕዛዝ ለማድረስ ሁለት ሌሊት ሳንተኛ አድረን 9 ኩባያ ተበላሸብን፤ የ4ቱ ስም ተሳስቶ፣ የ3ቱ ቀለም በጆሮው በኩል ደብዝዞ፣ የ2ቱ ጽሑፍ ደግሞ ተገልብጦ ወጣ። ለሁለተኛ ሂት ፕሬስ ገንዘብ እያጠራቀምን ነው፤ ከመግዛታችን በፊት ግን በሥራው ላይ የቆያችሁ እንድትመክሩን በአክብሮት እንጠይቃለን።

መልስ፣ ከካዛንቺስ

እህቴ፣ መጀመሪያ ስሌቱን አብረን እንሥራ። አንድ ኩባያ ፕሬሱ ውስጥ 3 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ማስገቢያና ማውጫ 1 ደቂቃ ቢጨመርበት በሰዓት 15፣ በ4 ሰዓት ደግሞ 60 ኩባያ ይወጣል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱን ሌሊት የወሰደባችሁ ፕሬሱ ሳይሆን ከፕሬሱ በፊት ያለው ሥራ ይመስለኛል። እኔም ስሞችን በቴሌግራም አንድ በአንድ እየተቀበልኩ እንደገና እተይብ በነበረበት ጊዜ እንዲሁ እቸገር ነበር። አሁን ከአንድ ክፍል ተማሪዎች ትዕዛዝ ስቀበል አንድ ተጠሪ እንዲመርጡ አደርጋለሁ፤ ተጠሪው ተራ ቁጥር፣ ስም እና የዲዛይን ዓይነት ያለበትን ሠንጠረዥ ሞልቶ ይልክልኛል፤ እኔም ስሙን ቀድቼ እለጥፋለሁ እንጂ ፈጽሞ አልተይብም። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ»፣ «ሠናይት» እና «ሰናይት» ለእኛ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለባለስሙ አንድ አይደሉም። ኮሬልድሮ በተባለው የዲዛይን ፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነ ፕሪንት መርጅ የሚባለው አገልግሎት ሠንጠረዡን ወስዶ እያንዳንዱን ስም በዲዛይኑ ላይ ራሱ ያስቀምጥላችኋል። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ገጽ አሰልፋችሁ ለተጠሪው ላኩና «ይታተም» የሚል ቃል በጽሑፍ ሳይደርሳችሁ፣ ቀብዱም ሳይከፈል አንድም ወረቀት አታትሙ። የምረቃው ዓመት በኢትዮጵያ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር እንደሚጻፍም ቀድማችሁ ጠይቁ። ፎቶ የሚልክ ደንበኛ ደግሞ እንደ ፋይል አያይዞ ይላክ፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም ስለሚያሳንሰው ሲታተም ይፈዛል።

መልስ፣ ከመርካቶ

ስለ ብልሽቱ ልጨምር። ጽሑፉ የተገለበጠባችሁ፣ እንደምገምተው፣ አንዳችሁ በዲዛይኑ ላይ ሌላዋ ደግሞ በፕሪንተሩ ላይ ስለገለበጣችሁት ነው፤ ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ጽሑፍ ወረቀቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይወጣና ኩባያው ላይ ሲያርፍ የተገላቢጦሽ ይሆናል። መገልበጡ በፕሪንተሩ ላይ ብቻ ተስተካክሎ ይቀመጥ፤ ዲዛይኑን ማንም አይንካው። ወረቀቱ ከፕሪንተር ሲወጣ ፊደሉ በቀላሉ የሚነበብ ከሆነ ስህተት ነው።

በጆሮው በኩል ያለው መደብዘዝ ከግፊትና ከሙቀት ማነስ ይመጣል። የፕሬሱ ማሞቂያ ኩባያውን ዙሪያውን ሙሉ ስለማያቅፈው ጆሮው አጠገብ ያለው ቦታ በቂ ግፊትና ሙቀት አያገኝም፤ ዲዛይናችሁ ከጆሮው ግራና ቀኝ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። እርጥበትም አለ። የምረቃው ወቅት ከክረምቱ ጋር ስለሚገጥም ተከፍቶ የተቀመጠ የሰብሊሜሽን ወረቀት እርጥበት ይስባል፤ ሙቀቱ ውስጥ ሲገባ እንፋሎት ሆኖ ቀለሙን ያዥጎረጉረዋል። የተረፈውን ወረቀት በላስቲክ አሽጋችሁ አስቀምጡት። አብዛኛው ኩባያ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ይታተማል፤ ነገር ግን በላዩ የተቀባው ሽፋን ከካርቶን ካርቶን ስለሚለያይ አዲስ ካርቶን በከፈታችሁ ቁጥር አንድ ኩባያ ለሙከራ መሠዋት ስድሳውን ከመክሰር ያድናል።

የጠያቂዋ ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልን። በእርግጥም እኔ በላፕቶፑ፣ እህቴ በፕሪንተሩ እንገለብጥ ነበር፤ ሁለታችንም አላወቅንም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጠረጴዛችን አንድ ብቻ ሲሆን፣ መብራትም አልፎ አልፎ ይጠፋል። ሥራውን እንዴት ብንከፋፈል ይሻላል?

መልስ፣ ከፒያሳ

በጠባብ ክፍል ውስጥ የሚያዋጣው ሥራውን በየደረጃው በጅምላ መጨረስ ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት 3 የኩባያ ዲዛይን ስለሚይዝ 60 ኩባያ 20 ወረቀት ብቻ ይፈልጋል። ጠዋት መጀመሪያ የፕሪንተሩን ቀለም መውጫ ፈትሹ፤ መስመር የሚዘል ከሆነ አጽዱት። ከዚያ ሁሉንም አትሙ፣ ሁሉንም ቁረጡ። የሠንጠረዡን ተራ ቁጥር ከዲዛይኑ ውጭ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ፣ በኩባያው ቂጥ ላይ ደግሞ በትንሽ ተለጣፊ ጻፉት። ኩባያውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋችሁ ወረቀቱን ሙቀት በሚችል ቴፕ ወጥራችሁ አሰሩት፤ ላላ ያለ ወረቀት ፕሬሱ ውስጥ ሲንሸራተት ጥላ ያለው ጽሑፍ ይወጣል። ፕሬሱ መሥራት ከጀመረ በኋላ አንዳችሁ ከእሱ አትነሡ፤ ሌላዋ ቀጣዩን እያሰረች ከግራ ታቀብል፣ የወጣው በቀኝ ይቀዝቅዝ። መብራት ሲጠፋ መቁረጡና ማሰሩ ስለማይቆም ቀኑ አይባክንም፤ ፕሬሱ ውስጥ የነበረውን ኩባያ ግን ከተበላሸው ቁጠሩት።

ሁለተኛውን ፕሬስ በተመለከተ ከካዛንቺሱ ወንድሜ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ለፍጥነት አያስፈልጋችሁ ይሆናል፤ የምረቃው ዋዜማ ማሞቂያው ቢቃጠል ግን በማግስቱ ለደንበኛ የምትሉት አይኖራችሁም። ስለዚህ ማጠራቀሙን አታቁሙ።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሠንጠረዡን ለአንዲት ተጠሪ ዛሬ ልከንላት ከ42ቱ ስሞች ሁለቱን አርማ መልሳልናለች። ነገ ጠዋት እናትማለን።